«ሻምብልስ» የተባሉት ጋሽ ደምሰው

ብርሃኔ ሲደውልልኝ ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት ነበርኩ፤ የማስታምማቸውን አሮጊት ፀጉር እያበጠርኩ። ብርሃኔ ታክሲ ነጂ ነው፤ ወሬ ላይ ፍሬን የለውም። ያን ቀን ግን ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራ። ከዚያ «ጋሽ ደምሰው ዐረፉ» አለኝ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አልቅሼ ሳልጨርስ ቀጠለ፦ «የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ትጽፊያለሽ ተብሏል። ግን እባክሽ ሠናይት፣ ያን የሥጋውን ነገር ተይው። ሰው ፊት ነው የሚነበበው።»

ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን የተነበበው ወረቀት የት እንደተወለዱ፣ የት እንዳስተማሩ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ ይናገራል፤ ውሸት የለበትም፣ እሳቸውም የሉበትም። ይኼኛውን ግን ማንም ሳያዘኝ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ከሥጋው ነገር ሌላ የምጽፈው የለኝም። አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ ኋላ የሚመጣውን ዶክተር ፍስሐን አንቱ ብዬ አልጽፍም። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ፀጉሩም ሸብቷል። ደንብ አታውቅም የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

ጋሽ ደምሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ከሐበሻ እንግሊዝኛ የሚማር ስላልተገኘ ከሜሪላንድ በድልድይ ማዶ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ሥጋ ክፍል ገቡና ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሥጋ ቆረጡ። የቢላ አያያዙን ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ አላፈሩበትም። «ሁለት ሙያ አለኝ» ይሉ ነበር፤ «አንዱ ያበላኛል፣ አንዱ ያናድደኛል።» ያበላቸው ቢላው ነበር።

አጭር ሰው ነበሩ። በበጋም በክረምትም ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ስልክ ሲያነሡ፣ ደዋዩ የሚያያቸው ይመስል፣ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ። መኪና አይነዱም። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው።

የተዋወቅነው በዚያ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኔና ለሦስት ሴቶች፣ የነርስ ረዳትነት ፈተና እንድናልፍ ብለው፣ በነጻ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። እሳቸው ዘንድ ቃል ብቻውን መሸምደድ ክልክል ነው። «አወቅሁት አትበይኝ፤ የት እንደሚቀመጥ አሳዪኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ዐረፍተ ነገር ሥሪ ሲሉኝ ወጥ ቤቴ ኬኦስ ነው ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ተቃጥሏል?»

«ኧረ አልተቃጠለም ጋሼ፤ ሰሃን ስላልታጠበ ነው።»

«እንግዲያው ሜስ ነው። ኬኦስን ለመንግሥት አስቀምጪለት።»

እንግሊዞች ለዝርክርክነት ያወጡት ስም ብዛቱ ይገርማቸው ነበር። ልጅ የተጫወተበት ክፍል ስሙ ሌላ፣ የተበተነ ሰልፍ ስሙ ሌላ፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ስሙ ሌላ። «ሰውዬው ከዚህ ሁሉ የትኛውን እንደመረጠልሽ እዪ» ይሉኛል፤ «ምን ያህል እንደሚንቅሽ ከዚያ ታውቂዋለሽ።» ያኔ እንስቅ ነበር።

ከባሌ ጋር በተለያየን ዓመት ከፋሲካ ቅርጫ ዝርዝር ወጣሁ። መደቡ በሱ ስም ነበራ! አሥራ ስድስት ቤተሰብ ሆነን በየዓመቱ አንድ በሬ እንገዛለን፤ ከፍሬድሪክ ወዲያ እርሻ ካላቸው ሚስተር ዴል ከሚባሉ ሽማግሌ። የሚያርዱትም የሚያካፍሉትም ጋሽ ደምሰው ናቸው። ሴት ወደዚያ ሄዳ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ከትምህርቱ በኋላ ቆዪ ብለው አስቀሩኝ።

«ዘንድሮ ቤትሽ ሥጋ አይገባም?»

«ማን ያስገባልኛል ጋሼ? ወንድ የለኝ።»

«ሥጋ የሚበላው አፍ ነው፣ ሱሪ አይደለም። ቅዳሜ ሹር ማለዳ መጥተሽ ውሰጂኝ። መኪና ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ መደብ በስሜ ሆነ፤ እኔም ሾፌራቸው ሆንኩ። አንዳንዶቹ ወንዶች መጀመሪያ ሲያዩኝ ፊታቸውን አጨማደዱ። ጋሽ ደምሰው ሁለተኛውን ቢላ አውጥተው ለኔ ሰጡኝና «ጨጓራውን አጽጂ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያጨማደደ የለም።

ሲያካፍሉ ያላያቸው ሰው ሰውዬውን አያውቃቸውም። በሬው ሳይታረድ በፊት ጀርባውን ይዳብሱና በየዓመቱ ያችኑ ይናገራሉ፦ «ይቺ አገር ሁሉ ነገር አላት፤ ሻኛ ብቻ የላትም።» ከታረደ በኋላ አይናገሩም። ነጭ ላስቲክ ሣሩ ላይ ይነጠፋል፤ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው፣ ጉበቱ፣ እያንዳንዱ አሥራ ስድስት ቦታ ይደርሳል። ሲጨርሱ ራቅ ብለው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከአንዱ መደብ ጣት የምታህል ጮማ አንሥተው ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ደግሞ ይርቃሉ፤ ደግሞ ያዛውራሉ። ሚዛን እንግዛ ያላቸውን ሰው «ሚዛን ክብደት እንጂ ጮማ አይለይም» ብለው መለሱት።

ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ሁላችንም አንድ አንድ ነገር ባርኔጣ ውስጥ እንጥላለን፦ የመኪና ቁልፍ፣ እስክርቢቶ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የኔ ደግሞ ጉትቻ። የሚስተር ዴል ሚስት፣ የቱ የማን እንደሆነ የማያውቁት፣ አንድ በአንድ መደቦቹ ላይ ያስቀምጡልናል። ሴትዮዋ ይህን ሥራቸውን ከኛ በላይ ነበር የሚያከብሩት፤ ጓንት አድርገው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው። በዚያ ሁሉ ዓመት «የኔ አነሰ» ያለ አንድ ሰው የለም። ጋሽ ደምሰው በዚህ አገር ያፈሩት ሀብት ይኸው ነው፦ በሳቸው እጅ ማንም አይበደልም መባል።

ዶክተር ፍስሐ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ዶክተርነቱ የሕክምና አይደለም፤ የምን እንደሆነ በደንብ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አንዱ አባል ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በሱ ቦታ ገባ። የመጀመሪያ ቀኑ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ጎማ ያለው ትልቅ ኩለር እየጎተተ፣ በሬው ከተገፈፈ በኋላ ደረሰ። ቀሚስ ለብሼ ቢላ ይዤ ሲያየኝ «ዊ አር ሜኪንግ ፕሮግረስ» አለኝ፤ እየሠለጠንን ነው ማለቱ ነው። ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታዬን ዛሬ ባስመልሰው ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ዝናብ መጣ። መደቡ አልቆ ዕጣ ሊወጣ ሲል ነፋስ ድንኳኑን ነቀለው፤ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ሥጋው ሁሉ አንድ ላይ ሄደ። ሰው ሁሉ ሁለት ወር ጾሞ፣ ከስቅለት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ «ጋሽ ደምሰው፣ በቃ በግምት ያድርጉት» አለ። እሳቸው ሥጋውን በውኃ አለቅልቀው ሌላ ላስቲክ አስነጠፉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዝናቡ በአንገታቸው እየገባ።

ሌላውን ሁሉ አዳርሰው፣ ሽንጡን ለዘጠኝ መደብ አድርሰው ሰባቱ ሲቀር፣ ዶክተር ፍስሐ ኩለሩን ከፍቶ ከዘጠኙ አንዱን መደብ አፈሰው።

«ዶክተር፣ ዕጣ አልወጣም» አሉት።

«ጋሽ ደምሰው፣ ሰው ኤርፖርት እየጠበቀኝ ነው። ደግሞ ሁሉም እኩል ነው የሚሉት እርስዎ አይደሉም? የቱን ብወስድ ምን ለውጥ አለው?»

«ገና አልጨረስኩም። እኩል የሚሆነው ስጨርስ ነው።»

«ካም ኦን» አለና ኩለሩን ዘጋው። ጎማው ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መኪናው ጎተተው። አሥራ አምስት ሰው ቆመን አየነው፤ አንዳችንም አፋችንን አልከፈትንም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንት ሌባ አሳልፏል።

የወሰደው መደብ ብዙ ሽንጥ ስለነበረበት ለቀሩት አልዳረሰም። ጋሽ ደምሰው ምንም ሳይናገሩ ለራሳቸው የሚደርሰውን አንድ መደብ አፍርሰው በሌሎቹ ላይ ሞሉበት። ዕጣው በአሥራ አራት ወጣ። እሳቸው አጥንትና ሽሆና በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ሄዱ፤ በዚያ ፋሲካ የበሉት እኔ ያመጣሁላቸውን ወጥ ነው። ሰው ሁሉ በዝናቡ ሲሯሯጥ ይህን ከኔ በስተቀር ልብ ያለው የለም፤ እንዳልናገርም አስማሉኝ።

አምሽቶ፣ ወደ ቅዳሴ ልንሄድ ስንለብስ፣ የቅርጫው የቫይበር ግሩፕ ውስጥ የዶክተሩ ጽሑፍ መጣ፤ በእንግሊዝኛ። ከሰላምታና ከመልካም ምኞት በኋላ የዛሬው ዝግጅት «ኮምፕሊት ሻምብልስ» ነበር ይላል። ለከርሞ የተማሩ ሰዎች በሚያስተባብሩት መልክ ይሁን ይላል። ስለ ኩለሩ አንድ ቃል የለም።

ሻምብልስ የሚለውን ማናችንም አናውቀውም ነበር። ብርሃኔ ስልኩ ላይ ፈልጎ ትርምስምስ ማለት ነው አለ። ቃሉ አዲስ ስለሆነ ለአፍ ጣፈጠ። ልጆቻችን ሰምተው ሳቁ፤ በዳግም ትንሣኤ አንዱ ሕፃን «ጋሽ ሻምብልስ» አላቸው፤ ትልልቆቹም ከዚያ አልቀሩም። ዝናቡን ረሱት፣ አፍሶ የሄደውን ረሱት፣ ቃሏ ብቻ ቀረች። አርጅተዋል፣ ሥጋው ተደባለቀባቸው፣ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ዶክተሩ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ፣ ሥጋው በማሽን ተቆርጦ፣ ተመዝኖ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ስም ተለጥፎበት መጣ። ጋሽ ደምሰውን የጠራቸው የለም። ስም እንዲህ በአንድ ምሽት ይወሰዳል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር።

እሳቸው የተናደዱት ግን በመምህር ንዴት ነው። ያ ጽሑፍ በመጣ ሳምንት፣ ቅዳሜ ስሄድ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ጠረጴዛው ላይ ከፍተው ቆይተዋል።

«ነይ፣ ተማሪ። ይህ ቃል ሲወለድ በርጩማ ነበር። ተራ በርጩማ። ቆይቶ ሥጋ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ሆነ፤ ቀጥሎ የሥጋ ገበያ፤ ቀጥሎ ቄራ፤ ከዚያ ደም የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ። በመጨረሻ ደሙን ረስተው ለተዘበራረቀ ነገር ሁሉ ይሉት ጀመር። በትክክል የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንድ ነገር ሥርዓት ነበረው፣ ከዚያ የሚያስተዳድረው ሰው ጥሎት ሲፈርስ ነው። እኔ መቼ ጣልኩት? ዝናብ ውስጥ ቆሜ እያበጀሁት አልነበረም?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ ተፈትቶ አየሁት። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ይህን ሰውዬ አንድ ቀን አስከፍለዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬ አልዛገም። ሌሊት ተኝቼ እንኳ ኩለሩን አየው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። የዶክተሩ ልጅ ኤደን ልታገባ ሆነ። የወንዱ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ ለመልሱ ይመጣሉ፤ ግማሽ በሬ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ፣ እንግዳው እያየ ቁርጥ ይቆረጥለት ዘንድ ተፈለገ። የዶክተሩ ነጋዴ ሥጋ በማሽን ያደቃል እንጂ እንዲህ ያለውን አያውቅም። ዶክተሩ ራሱ መደወል አፈረና በብርሃኔ አስደወለ። ጋሽ ደምሰው ቆመው አዳመጡት፤ «አስቤ እነግርሃለሁ» ብለው ዘጉ።

«እምቢ እለዋለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። «እምቢ ካሉት ሌላ ሰው ያገኛል» አልኳቸው። «እሺ ይበሉት። ይሂዱ፣ ሥጋው ይሰቀል፣ እንግዳው ሰሃኑን ይዞ ይሰለፍ። ያኔ ቢላዎን ጠቅልለው ይውጡ። ሻምብልስ ምን እንደሆነ በዓይኑ ይየው።»

«ክፉ ነሽ» አሉኝ። እየሳቁ ነበር ግን።

የመልሱ ቀን እኔ ነዳሁ። አሌክሳንድሪያ ያለው አዳራሽ በአበባ ተሞልቷል፤ ሰው ከሁለት መቶ አያንስም። ግማሹ በሬ ከጥግ ተሰቅሏል። ጋሽ ደምሰው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ሁለቱን ቢላዎች ነጭ ጨርቅ ላይ አሰልፈው ቆሙ። የሚያምር ሥጋ ነበር። ሲያዩት ፊታቸው ፈታ አለ፤ እጃቸው ሽንጡን ዳበሰ፤ የመጀመሪያዋን ቁራጭ በስሱ አወረዱ። አወቅኋቸው፤ ሊቆርጡ ነው። ሥራው አሸነፋቸው። ከኋላቸው ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

ዶክተሩ ራሱ አዳነኝ። ማይክራፎን ይዞ ተነሣና እንግዶቹን አመስግኖ ሲያበቃ በእጁ ወደ ጥግ አመለከተ። «እንግዲህ ጋሽ ደምሰው ቢላቸውን ስለው መጥተዋል። አይዟችሁ፣ ዛሬ ሻምብልስ የለም!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ ቃሉን የማያውቁ ናቸው፤ ሰው ሲስቅ ሳቁ።

ጋሽ ደምሰው ቢላውን በጨርቁ ጠረጉ። ሁለቱንም ጠቀለሉ። ጋዋኑን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዶክተሩ ወደሳቸው ሲመጣ በቀስታ እንዲህ አሉት፦

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ ቃሉን ያለ ቦታው ነበር የተጠቀሙበት። ቦታው ይኸው።»

ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቀረት አልኩ፤ ማየት ነበረብኝ። ሰልፉ መጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ተገፋፋ። ሁለት ሚዜዎች የኬክ ቢላ ይዘው መጡ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይገዘግዛል፤ ዳቢቱ ከነጎድኑ ተገንጥሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። አንዷ አክስት ጮኸች። ከአዲስ አበባ የመጡት የወንዱ አባት ባዶ ሰሃናቸውን ይዘው እንደቆሙ ነው። ዶክተሩ ማይክራፎኑን ጨብጦ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ የበለጠ ደስታ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም፤ ዜግነት ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

መኪናውን ሳስነሣ ሙሽራዋ መጣች። ካባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በፓርኪንጉ መሐል እየሮጠች። ጋሽ ደምሰው ያሉበትን መስታወት አንኳኳች። አወረዱት።

«ጋሼ፣ ዋት ዲድ አይ ዱ?» አለች። ከዚያ አማርኛውን ፈልጋ አገኘችው፦ «እኔ ምን አደረኩህ?»

እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ አንቱ ማለት አልተማረችም። እኔ ነዳሁ።

ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ገብተን ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው ድልድይ ከፊታችን ሲታይ መናገር ጀመሩ።

«ሠናይት፣ የአባቷን መደብ ለልጅቷ ሰጠኋት።»

«ይበለው ጋሼ! እሱ ነው ያመጣው።»

«እሱማ ነገ ይረሳዋል፤ ይስቅበታል። እሷ ናት የማትረሳው። ሰው የሌላውን እንዳይወስድ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ የሱን ለሷ አሸከምኳት።» ቢላዎቹን በጨርቅ እንደጠቀለሏቸው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «ተመለሽ። ሥጋው ይነሣል፣ ከላይ ከላዩን እገፍፈዋለሁ። ለሷ እቆርጣለሁ። አባቷን ቀና ብዬ አላየውም።»

ወደ ኋላ የሚያዞረው የመንገዱ መውጫ ከፊታችን ነበር። ምልክቱን አይቼዋለሁ። ወጥቼ ዞሬ በዐሥር ደቂቃ እመለስ ነበር።

«አለፈኝ» አልኳቸው።

«ቀጣዩ ላይ ውጪ።»

ቀጣዩንም አለፍኩት። ዶክተሩ ቀኑን ሙሉ እንዲነድ ፈልጌአለሁ፤ ከንዴቱ አንዲት ደቂቃ እንዲቀነስለት አልፈለግሁም። ድልድዩን ተሻገርን፣ ሜሪላንድ ገባን። ሦስተኛው መውጫ ላይ ጋሽ ደምሰው ወደኔ ዞረው አዩኝ፤ አልጠየቁኝም። ቤታቸው በር ላይ ሳወርዳቸው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ከዚያ በኋላ ሻምብልስ የሚላቸው ጠፋ። የባሰ ስም ወጣላቸው፦ ሙሽራ ያዋረዱ ሽማግሌ። በዝናቡ ቀን ያዘኑላቸውም ሰዎች ፊት ነሷቸው። ቢላ አልያዙም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በራቸውን ይከፍቱልኝ ነበር፤ ሻይ አፍልተው፣ ደብተር አዘጋጅተው። ስለዚያ ቀን አንዴም አላነሡብኝም። ፈተናውን አልፌ ሥራ ከያዝኩ በኋላም ለማስተማር ሳይሆን ብቻቸውን ላለመሆን ይመስለኛል፣ ቃል ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ዶክተሩን እረግምላቸው ነበር። ያዳምጡኛል፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ይመለሳሉ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚያው ቤታቸው ነው፤ ልጆቻቸው ከያሉበት መጥተዋል። ብርሃኔ ከአጠገቤ ተቀምጦ ስለሳቸው ያወራል። «ደግ ሰው ነበሩ፤ ብቻ ልባቸው ደንዳና ሆነና...» አለ፤ «ያን ቀን እኮ መመለስ ይችሉ ነበር። ያቺን ልጅ እያዩዋት!» ዙሪያው ያለው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም፣ አላሳምረውም፣ አብሬ ነቀነቅሁ።

በዚህ መሐል ኤደን ገባች። ጥቁር ለብሳለች፣ ብቻዋን ናት። ለልጆቻቸው እጅ ነሥታ ባዶ ወንበር ስትፈልግ ብርሃኔ ተነሣላት፤ ከኔ ጎን ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ በዝግታ አናገረችኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል ያን ቀን ስትነጂ የነበርሽው?»

«ነኝ።»

«ጋሼ... ዋዝ ሂ ስቲል አንግሪ? መኪናው ውስጥ እኔን ተቆጥቶ ነበር? አይ ጀስት ዋንት ቱ ኖው። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ልዋሽ እችል ነበር። ለብርሃኔ ነቅንቄ ለሷ የማልዋሽበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ግን ዓይኗ ያኔ በመስታወቱ ያየሁት ነው።

«አልተቆጡሽም» አልኳት። «ተመለሽ አሉኝ። ለሷ እቆርጣለሁ አሉ። ሁለቴ ለመኑኝ። እኔ ነኝ መውጫውን እያየሁ ያለፍኩት።»

ብርሃኔ ቆሞ ሰማ፤ ወሬው ቆመ። ኤደን ቦርሳዋን አንሥታ ከጎኔ ተነሣችና ማዶ፣ ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዉ እስኪወጣ ድረስ አንድም ጊዜ ወደኔ ዞር አላለችም፤ ስታልፍም እንደሌለሁ አድርጋ አለፈችኝ። ዐወቅሁት። አባቷን በመንገድ ሳገኘው እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው።